ሚዛኑን የሚጠብቀው ማን ነው? ስለ ቴሌኮሙኒኬሽንና ስለ ብሮድካስት ተቆጣጣሪዎች ለነጋዴዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በማናቸውም ገበያ ሦስት ወገኖች ይገኛሉ፤ እነርሱም ሻጭ፣ ገዢና ሚዛኑ ትክክል መሆኑን የሚመለከት ዳኛ ናቸው። ሻጩ ራሱ የሚዛኑ ጠባቂ በሆነበት ገበያ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ገዢውን ጥርጣሬ አይለየውም። የእህልና የጨርቅ ገበያ ይህን ደንብ ካወቀ ረዥም ዘመን ሆኖታል። በኢትዮጵያ የስልክና የሬዲዮ ሞገድ ገበያ ግን ደንቡን በሚገባ ማወቅ የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው።

ይህም ጉዳይ ለመሐንዲሶችና ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ አስመጪው ዕቃው ወደብ መድረሱን የሚሰማው በስልክ ነው፤ ቡና ላኪው ከውጭ አገር ደንበኛው ጋር ዋጋ የሚነጋገረው በኢንተርኔት ነው፤ ባለሱቁም ከዕለት ሽያጩ ከፊሉን የሚቀበለው በእጅ ስልኩ ነው። መሥመሩ ለግማሽ ቀን ቢቋረጥ ጉዳቱ በብር ይቈጠራል። ስለዚህ ነጋዴው መሥመሩን የሚሸጥለትን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ኩባንያ የሚቈጣጠረውን መሥሪያ ቤትም ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ሻጩና ተቆጣጣሪው እንዴት ተለያዩ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሥመር ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢለዋወጥም፣ መሥመር የሚዘረጋውም፣ ሂሳብ የሚሰበስበውም፣ ቅሬታ የሚሰማውም ያው አንዱ ወገን ነበር። ደንበኛው በሻጩ ላይ አቤቱታ ቢኖረው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለዚያው ለሻጩ ነበር ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 49/1989 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ሲቋቋም የመቈጣጠሩ ሥራ ከአገልግሎት ሰጪው ኮርፖሬሽን ተለየ። ይሁን እንጂ ሻጩ አንድ ብቻ ሆኖ ስለ ቀጠለ፣ ገዢው ወደ ሌላ በር መሄድ አልቻለም። በ2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በኢትዮ ቴሌኮም ሲተካ፣ የኤጀንሲውም ሥራ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሁለት ነገሮችን ባንድነት ፈጸመ፤ ገበያውን ለሌሎች ኩባንያዎች ከፈተ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንም አቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ ሲዲሲ የተባበሩበት ማኅበር በጨረታ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለ15 ዓመት የሚጸና አገር አቀፍ ፈቃድ አገኘ። የአዲስ አበባ አገልግሎቱንም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ጀመረ። ሁለት ሻጮች በአንድ ገበያ ሲቆሙ የሚዛን ጠባቂው ሥራ የግድ ሆነ።

ባለሥልጣኑ የሚሠራው ምንድን ነው

የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ስልክ አይሸጥም፤ መሥመርም አይዘረጋም። ሥራው ነጋዴውን በሚነኩት በኩል ሲታይ በአምስት ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው ፈቃድ መስጠት ነው። የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ ሊሸጥ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ይዟል፤ ኩባንያው አገልግሎቱን የት የት እንደሚያደርስና በምን ጥራት እንደሚሰጥ ያስገድደዋል። ትርፍ የሚገኝበት ትልቅ ከተማ ብቻ ተመርጦ የገጠሩ ገበያ እንዳይረሳ የሚደረገው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድን መደልደል ነው። ሞገድ እንደ መሬት የተወሰነ ሀብት ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ቢያሰራጩ የሁለቱም ድምፅ ይበላሻል፤ አድማጩም ከሁለቱ አንዱን እንኳ አይሰማም። ለኤፍ ኤም ሬዲዮ የተመደበው ክፍል ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማንም እንደ ወደደ ቢገባበት ወዲያው ይጨናነቃል። የእጅ ስልክ፣ የአውሮፕላን መገናኛ፣ የጸጥታ ኃይሎች ሬዲዮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ድልድሉ በዓለም ደረጃ የሚቀናጀው እ.ኤ.አ. በ1865 በተመሠረተው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የሚፈጽመው ባለሥልጣኑ ነው።

ሦስተኛው ኩባንያዎችን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። በ09 የሚጀምር ቁጥር ያለው የመርካቶ ነጋዴ በ07 የሚጀምር ቁጥር ላለው ደንበኛው ሲደውል፣ ጥሪው ከአንዱ ኩባንያ መረብ ወደ ሌላው ይሻገራል። አሻጋሪው ኩባንያ ለተቀባዩ የሚከፍለው ሂሳብ አለ። ሁለቱ ኩባንያዎች በዚህ ሂሳብ ባይስማሙ፣ ወይም ብዙ ደንበኛ ያለው ኩባንያ በሩን ቢዘጋ፣ ነጋዴው ሁለት ስልክ በሁለት ኪሱ ይዞ ለመዞር በተገደደ ነበር። አዲስ የሚገባውም ኩባንያ ከማንም ጋር የማያገናኝ ስልክ ይዞ ገዢ ባላገኘ ነበር። ስለዚህ ማገናኘት በፈቃደኝነት የሚደረግ ውለታ ሳይሆን በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው። የስልክ ማማዎችንም በጋራ መጠቀም እንዲሁ በባለሥልጣኑ መመሪያ የሚመራ ጉዳይ ነው።

አራተኛው ከውጭ የሚገቡ መሣሪያዎችን መመርመር ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ አስመጪውን ይመለከታል። የእጅ ስልክ፣ ራውተር፣ የእጅ መነጋገሪያ ሬዲዮና ሌላም ሞገድ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ዓይነቱ በባለሥልጣኑ መጽደቅ ይኖርበታል። ምርመራው መሣሪያው በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ፣ ለተጠቃሚው ደኅንነት አስጊ አለመሆኑንና ከአገሩ መረብ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣል። አንድ መሣሪያ በሌላ አገር ገበያ በነፃነት ስለ ተሸጠ ብቻ በኢትዮጵያም የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም፤ የሞገድ ድልድል ከአገር አገር ይለያያልና። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ የጀመረ አስመጪ፣ ገንዘቡ በጉምሩክ መጋዘን ታስሮበት የመጋዘን ኪራይ ሲቈጥርበት ይውላል። አስተዋይ አስመጪ ግን የባንክ ሰነድ ከመክፈቱ አስቀድሞ የመሣሪያውን ሞዴልና የፋብሪካውን የቴክኒክ መግለጫ ይዞ ባለሥልጣኑን ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የሚተከል የኔትወርክ ማጉያም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ የአንዱን ሱቅ ስልክ ያሻሻለ ቢመስልም የሰፈሩን መረብ ሊያውክ ይችላልና።

አምስተኛው ዋጋንና ጥራትን መከታተል፣ አቤቱታንም መስማት ነው። ኩባንያው ታሪፉን በግልጽ ማሳወቅ፣ ያላዘዘውን አገልግሎት በደንበኛው ላይ አለመጫን፣ የተበላሸውንም በወቅቱ መጠገን አለበት። ቅሬታ አስቀድሞ ለኩባንያው ይቀርባል፤ ኩባንያው ሳይመልስ ቢቀር ወይም መልሱ ባያረካ ጉዳዩ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል።

ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ማስታወቂያ

በአንዳንድ አገሮች የቴሌኮምና የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ሞገድን በአገር ደረጃ የሚደለድለው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያሰራጩትን የሚከታተለው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የብሮድካስት ተቆጣጣሪ በአዋጅ የተመሠረተው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው።

ነጋዴ ከዚህ መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኘው በማስታወቂያ በኩል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና ከማሳሳት የራቀ እንዲሆን፣ ከዜናና ከሌላው ዝግጅትም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የተፎካካሪን ዕቃ እያንቋሸሹ የራስን ማሞገስ፣ ዕቃው የሌለውን ጠባይ እንዳለው አድርጎ ማቅረብ የተከለከለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ቢራን ጨምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። አስቀድሞ ከጣቢያዎች ጋር የረዥም ጊዜ ውል የነበራቸው ጠማቂዎች ሸቀጣቸውን የሚያስተዋውቁበትን መንገድ እንደገና ማሰብ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ የማስታወቂያ ውል ከመፈረሙ በፊት የሸቀጡ ዓይነት በአየር ላይ እንዲተዋወቅ የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ እንደሚገባ ነው።

ለየትኛው ጉዳይ ወደየትኛው በር

ብዙ ጊዜ አቤቱታ የሚጠፋው ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን ወደ ማይመለከተው መሥሪያ ቤት ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ይህን ለይቶ ቢይዝ ይጠቀማል። የስልክና የኢንተርኔት መቋረጥ፣ የታሪፍ ክርክር፣ የመሣሪያ ማስገቢያ ፈቃድና የሞገድ ጉዳይ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ናቸው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጉዳይ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። እንደ ቴሌብርና እንደ ኤምፔሳ ባሉት አገልግሎቶች የሚተላለፍ ገንዘብ ግን፣ ምንም እንኳ መንገዱ ስልክ ቢሆን፣ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ደንበኛው የላከው ክፍያ ከሂሳቡ ተቀንሶ ለባለሱቁ ሳይደርስ ቢቀር ጉዳዩ የክፍያ ጉዳይ ነው፤ መሥመሩ ጨርሶ ባለመኖሩ ክፍያ መቀበል ካልተቻለ ግን የቴሌኮም ጉዳይ ነው።

የተቆጣጣሪው ፈተና

በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ከሁለቱ አገልግሎት ሰጪዎች የአንደኛው፣ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አብዛኛው ድርሻ የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ካፒታል ያለው የውጭ ማኅበር ቆሟል። ተቆጣጣሪው ለአንዱ ቢያደላ የመንግሥት ወገን ነው ይባላል፤ ለሌላው ቢያደላ የአገር ሀብት አሳልፎ ሰጠ ይባላል። ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ቴሌኮም ባለባቸው አገሮች ሁሉ የሚታይ ነው። መፍትሔውም ተቆጣጣሪው ውሳኔውን በተጻፈ መመሪያ ላይ መመሥረቱ፣ ምክንያቱንም ለሁሉ መግለጡ ነው።

ነጋዴውም በዚህ ረገድ የራሱ ድርሻ አለው። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው። መሥመሩ በተቋረጠ ቁጥር በሱቁ ደጃፍ ከማማረር ይልቅ ቀኑንና ሰዓቱን የመዘገበ፣ ለኩባንያው ያቀረበውን ቅሬታ ቁጥር የያዘ፣ የደረሰበትንም ጉዳት በሂሳብ ያስቀመጠ ነጋዴ ለተቆጣጣሪው ሊመዘን የሚችል ነገር ይሰጠዋል። የአንድ ሱቅ ቅሬታ እንደ ብልሽት ሊቈጠር ይችላል፤ የአንድ ሰፈር ነጋዴዎች በአንድነት የጻፉት አቤቱታ ግን የአገልግሎት ጥራት ጉዳይ ይሆናል። አበው «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። ለስልክና ለሞገድ ገበያ ዳኛው በአዋጅ ተሰይሟል፤ የቀረው ባለጉዳዩ በሩን ለይቶ፣ ማስረጃውን ይዞ መቅረቡ ነው።