ሕፃናት ሰዋስውን እንዴት ይለምዳሉ?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጥያ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታላቅ ወንድሙን «ምጣ! ምጣ!» እያለ ሲጣራ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሰምቷል። ወንድምየው ከት ብሎ ሳቀና «ና በል እንጂ፣ ደንቆሮ!» ሲል ገሠጸው። ሕፃኑም አፍሮ ዝም አለ። ነገር ግን ከሁለቱ በዚያች ሰዓት በሰዋስው ሕግ የሠራው ታናሹ ነበር።

«አትብላ» በአዎንታ «ብላ»፣ «አትስማ» ደግሞ «ስማ» ይሆናል። እንግዲህ «አትምጣ» ሲባል የሰማ ልጅ «ምጣ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ከሕግ የወጣው «ና፣ ነይ፣ ኑ» እየተባለ የሚታዘዘው ግሡ ራሱ ነው። ከዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በአካባቢው «ምጣ» ብሎ የሚጣራ ትልቅ ሰው ስለሌለ ሕፃኑ ቃሉን ከማንም አልቀዳውም፤ ራሱ ሠራው እንጂ።

የጀርመን ሕፃናትም እንዲሁ ያደርጋሉ። «ሄዷል» ለማለት የሚያገለግለው ትክክለኛ ቅርጽ «ገጋንገን» ሲሆን፣ እነርሱ መደበኛውን ሕግ ተከትለው «ገጌት» ይላሉ። ክላራና ዊልያም ሽተርን የተባሉ ባልና ሚስት ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሦስት ልጆቻቸውን አነጋገር በማስታወሻ እየመዘገቡ፣ ስለ ሕፃናት ቋንቋ የጻፉትን መጽሐፍ በ1907 አሳትመዋል።

ጀርመንኛ ሌላም ችግር አለበት። ግሡ በዋናው ዓረፍተ ነገር ሁለተኛውን ስፍራ ሲይዝ፣ በጥገኛው ግን መጨረሻ ላይ ይውላል። ሕፃናቱ በመጀመሪያ ግሡን ሳያረቡ «ወተት መጠጣት» እንደ ማለት በመጨረሻ ያስቀምጡታል፤ ማርባት ሲጀምሩ ግን ወደ ሁለተኛው ስፍራ ያመጡታል። የጥያ ልጅ በአማርኛም ሆነ በክስታንኛ ግሡን ከመጨረሻ ስለሚያገኘው ከዚህ ድካም ነፃ ነው።

የእርሱ ድካም በሌላ በኩል ነው። «ክፈት» ለሴት «ክፈቺ»፣ «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ቅመስ» «ቅመሺ»፣ «ለምን» «ለምኚ» ይሆናል። «ት» ወደ «ች»፣ «ድ» ወደ «ጅ» ይለወጣል ብሎ ያስተማረው የለም፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ሕጉን ተናገሩ ቢባሉ ይቸገራሉ። ሕፃኑ ግን ይሠራበታል። እንደ «ና» ያሉትን ከሕግ የወጡ ቃላት ደግሞ ደጋግሞ ሲሰማቸው ቀስ በቀስ ይይዛቸዋል፤ በአንድ ቀን ተግሣጽ ግን አይሆንም።

በጥያም እናትየው ከጓዳ ሆና «ና በለው፣ የኔ ልጅ» አለችው። እርሱም «እሺ» ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረና «ምጣ!» አለው።