ስልኩን ወደ አበባው እናዙረው

«ልጆቹ ከስልካቸው ቀና አይሉም» የሚለው ስሞታ የማይሰማበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ስልኩን መቀማት ለጊዜው ጸጥታ ያመጣል፤ ኩርፊያው ግን እስከ እራት ድረስ ይከተለናል። ጡረታ እስክወጣ በነርስነት ሠርቻለሁ። ሙያው ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው አስተውሎ ማየትን ነው፦ የቁስል ጠርዝን፣ የጥፍር ቀለምን፣ የሕፃን አተነፋፈስን። ይህን ልማድ ለልጅ ልጆቻችን ለማውረስ በሳሎናችን ጥግ ያለ አንድ ተክልና ያው የምንጣላበት ስልክ ይበቃሉ።

ጥቃቅን ነገርን በጣም ቀርቦ አጉልቶ ማንሳት ማክሮ ፎቶግራፍ ይባላል። ለመጀመር አንቱሪየምን የመሰለ የለም። የትውልድ ቦታው የኮሎምቢያና የኢኳዶር ሞቃት ደን ነው። የሚያብረቀርቀውን ቀይ፣ ልብ መሰል ነገር ሁላችንም «አበባው» እንለዋለን። እሱ ግን መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች ከመሐሉ በቆመው ጣት መሰል ዘንግ ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ነጩ ፒስ ሊሊም እንዲሁ ነው። ልጁ ይህን በገዛ ስልኩ አጉልቶ ሲያይ ከመጽሐፍ ከተነገረው ይልቅ ያስታውሰዋል።

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። አብዛኛው ስልክ በጣም ሲጠጋ ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ ጥርት እስኪል ጥቂት ወደ ኋላ ማለትና ትርፉን በኋላ መቁረጥ ነው። ስልኩ «ማክሮ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ይክፈቱ። ሌንሱን አስቀድሞ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ አይረሳ። ተክሉን ወደ መስኮት ያስጠጉት፤ የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት የቅጠሉ ሥርና የአበባው ገጽ ጎልቶ ይወጣል። ፀሐዩ ከበረታ ስስ ነጭ መጋረጃ ይሳቡ፤ ጥላ ባጠላበት በኩል ደግሞ ነጭ ወረቀት ያቁሙ። ፍላሹ ይጥፋ። በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉን ያበላሻል። ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ፣ ካልሆነም ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎ በሰዓት ቆጣሪው ማንሳት ይረዳል።

እኛ አያቶችም እንጠቀማለን። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የቅርቡን ነገር ማየት እየከበደ ይሄዳል። ልጁ አጉልቶ ያሳየናል፤ እኛ ደግሞ ትዕግሥቱን እናበድረዋለን።

ልጅ አበባን ቀርቦ ቢያይ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ የቫኒላን ታሪክ ይስማ። ቫኒላ ከኦርኪድ ወገን ሲሆን የመጣው ከሜክሲኮ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሬዩኒየን ደሴት ሲተከል ያብብ ነበር እንጂ እምብዛም አላፈራም፤ ብናኙን የሚያስተላልፉለት የሀገሩ ነፍሳት አብረውት አልመጡም። በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኤድሞን የሚባል በባርነት ያለ የ12 ዓመት ልጅ የአበባውን ወንዴና ሴቴ የሚለየውን ስስ ሽፋን በቀጭን እንጨት አንሥቶ በአውራ ጣቱ አገናኛቸው። ዛሬም ቫኒላ በአብዛኛው የሚመረተው በዚሁ የእጅ ዘዴ ነው። ኤድሞን አልቢየስ ግን ከግኝቱ ሳይጠቀም በድህነት ሞተ።

አሁን የነርስነቴን ልናገር። አንቱሪየም፣ ፒስ ሊሊ እና ሰፊ ዥንጉርጉር ቅጠል ያለው ዲፈንባኪያ በውስጣቸው መርፌ መሰል ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉባቸው። ሕፃን ቢያኝካቸው አፉን ያቃጥለዋል፤ ከንፈሩና ምላሱ ያብጣል። የቤታችን ሕግ «በዓይን እንጂ በአፍ አይደለም» ይሁን፤ ከተነካኩ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ታናናሾቹ ከማይደርሱበት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም ይገባል። ልጅ ካኘከ የቀረውን ከአፉ አውጥታችሁ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት ፉት ይበል። እንዲያስታውክ አታስገድዱት። ጉሮሮው ካበጠ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከከበደው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጭማቂው ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና አስመርምሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። አንድ እምቡጥ መርጣችሁ እስኪፈነዳ ድረስ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንሡት፤ ምስሎቹንም በተርታ አይዩአቸው። የደበዘዘ ፎቶ ቢበዛ አትቆጡ። በመጪው ቅዳሜ ልጁን ከተክሉ ፊት አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «እስቲ አበባው የቱ ነው?»