አባይ ማደሪያ የለውም፤ ጎርፉስ የት ያድራል?

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ወንዙ ተንከራታችነት ነው። ጎርፍ ግን ማደሪያ አለው። ከየት እንደሚነሣ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ተኝቶ ሕዝብ እንደሚያስለቅስ ከዓመት ዓመት የታወቀ ነው። ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር «ድንገተኛ ጎርፍ» እየተባለ የሚነገረን ዜና ድንገተኛነቱ ለማን ነው? ደጋ ላይ ሆኖ ዝናቡን ላየ ሰው ድንገተኛ አይደለም። የግድቡን በር ለሚከፍተው ባለሙያም ድንገተኛ አይደለም። ድንገተኛ የሚሆነው ቆላ ወርዶ፣ ከወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ማንም ምንም ሳይነግረው ለተኛው ድሃ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የውሃውን መንገድ ከደጋ እስከ በረሃ፣ ከሐይቅ እስከ ባሕር ተከትለን እንወርዳለን። ይህን የምናደርገው የጂኦግራፊ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። መንገዱ የታወቀ ከሆነ፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ሳያውቁ የሚሞቱት ስለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ለማንሳት ነው።

ደቻቱ፦ በሰዓታት የሚደርስ ሞት

አማርኛችን ሁለቱን የጎርፍ ዓይነቶች ለይቶ ያውቃቸዋል። አንዱ «ደራሽ» ነው፤ ከተራራ ተወርውሮ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ። ሌላው «ሙላት» ነው፤ ትልቅ ወንዝ ቀስ በቀስ አብጦ ከአፉ ሲፈስ። ደራሹ በፍጥነቱ ይገድላል፤ ሙላቱ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳምንታት በመቆየት ያስርባል፣ ያፈናቅላል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2006) ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ የደረሰው ደራሽ ነው። ደቻቱ ቀዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ውሃው የሚመጣው ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከደንገጎ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ተራራው ቀጥ ያለ፣ ደኑም የተመነጠረ በመሆኑ ዝናቡ መሬት ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ እየተንከባለለ ይወርዳል። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ከነአልጋቸው ተወሰዱ።

ያ ሁሉ ውሃ ታዲያ የት ገባ? ባሕር አልደረሰም። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ያለው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ አሸዋው ጠጣው። ይህን ያህል ሕዝብ የፈጀ ጎርፍ ማደሪያው በረሃ ነበር። በነጋታው ደለሉ ቀረ፣ ሬሳው ቀረ፣ ውሃው የለም።

ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ በሚኖሩባት በጂዳም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ የሐጅ ሥርዓት በሚጀመርበት ዕለት፣ ለጥቂት ሰዓታት የጣለ ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጂዳ የባሕር ዳር ከተማ ነች፤ ውሃው ከተራራው ተነሥቶ ቀይ ባሕር ለመግባት የቀረው መንገድ አጭር ነበር። ነገር ግን ጥንት ውሃ የሚወርድባቸው ደረቅ ሸለቆዎች ቤትና መንገድ ተሠርቶባቸው ነበር። መውጫው ስለተደፈነበት ወደ ባሕሩ ሊሄድ የሚገባው ውሃ በሰው ሳሎን በኩል አለፈ።

ልብ እንበል። ደቻቱ ባሕር የለውም፤ ጂዳ ባሕር ደጃፏ ላይ ነው፤ ሟቹ ግን ሁለቱም ዘንድ በውሃው መንገድ ላይ የሰፈረው ድሃ ነው። የሳዑዲው ንጉሥ አብዱላህ በቀናት ውስጥ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 1 ሚሊዮን ሪያል እንዲከፈል አዘዙ፤ ኋላም ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሕዝብ የመረጠው ፓርላማ በሌለበት አገር እንኳ «የዝናብ ጥፋት ነው» ተብሎ ነገሩ አልታለፈም። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ ቢሆንም በውሃ መንገድ ላይ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ሰው ነውና።

አዋሽና ኦሞ፦ ባሕር የማያዩ ወንዞች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ይቀራል። ቆቃን አልፎ፣ በመተሐራና በአሚባራ አድርጎ፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን አጥግቦ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ከዚያ የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። ከአቤ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አዋሽ ግን ይህችን መሻገር አልቻለም።

እንዲህ ያለ ወንዝ ሲሞላ «ወደ ባሕር ሸኝተነው እንገላገል» የሚባል ነገር የለም። የተጨመረው ውሃ ሁሉ ከሜዳው በአንዱ ላይ መተኛት አለበት። ጥያቄው በማን ሜዳ ላይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ባለፉት ስድሳ ምናምን ዓመታት ከደጋ በታጠበ አፈር ብዙ ተሞልቷል። ደለል በያዘው ቦታ ውሃ አይያዝምና፣ ከባድ ክረምት ሲሆን በሩን ከፍቶ መልቀቅ ግድ ይሆናል። ወደ ታች ደግሞ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች አሉ፤ እርሻው በአፈር ግንብ ሲከለል ውሃው ግንብ ወደሌለው ወደ አፋሩ አርብቶ አደር ግጦሽ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አፋሮች ተፈናቅለዋል።

የኦሞም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከጊቤና ከጎጀብ ውሃ ተሰብስቦ፣ ኦሞራቴን አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ቱርካናም መውጫ የለውም። በወንዙ መጨረሻ ላይ ያሉት ዳሰነቾች ጎርፉን ሲጠብቁት የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሙላቱ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ለእነርሱ ጎርፍ በልኩ ሲመጣ እንጀራ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ መቃብር። ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2006)፣ የድሬዳዋ ሐዘን ገና ሳይወጣ፣ ኦሞ ከልኩ አልፎ 364 ሰዎችን ወሰደ። የድሬዳዋው በቴሌቪዥን ታየ፤ የዳሰነቹ ግን ከአዲስ አበባ እጅግ ርቆ፣ መንገድ በሌለበት የደረሰ ስለነበር ዜናውም ርዳታውም ዘግይቶ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ጊቤ 3 ተመረቀ። ግድቡ የክረምቱን ሙላት ያዘ፤ ለዳሰነችና ለጎረቤቶቹ እርሻ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በዕቅዱ ላይ ቃል ተገብቶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን የለመዱት ጎርፍ እንደ ቀድሞው እንዳልመጣላቸው ሲናገሩ ቆይተዋል። ይባስ ብሎ በቅርብ ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ከፍ እያለ፣ ኦሞም እየሞላ፣ ዳሰነቾችን ከነመንደራቸው አስለቅቋል። ሊመግባቸው ይመጣ የነበረው ጎርፍ ሲቀር የሚያስለቅቃቸው መጣ ማለት ነው።

ዋቤ ሸበሌ፦ ዝናቡ ባሌ፣ ልቅሶው በለድወይን

ጎርፍ ፓስፖርት አይጠየቅም። ይህን ከዋቤ ሸበሌ በላይ የሚያሳይ የለም። ውሃው ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ደጋ ይሰበሰባል፤ ኢሚን፣ ጎዴን፣ ቀላፎንና ሙስታሂልን አልፎ ሶማሊያ ይገባና መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቅ ከተማ በለድወይን ነው። ከዚያ በጆውሃር አድርጎ፣ ሞቃዲሾ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሐሳቡን የለወጠ ይመስል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። የሕንድ ውቅያኖስን በስተ ግራው እያስተማመነ ጎን ለጎን ይጓዝና ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከባድ ሙላት በሆነበት ዓመት ብቻ ከጁባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ኪስማዮ አካባቢ ባሕር ይደርሳል። ጁባ ራሱ ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው የሚወልዱት ወንዝ ነው፤ የእኛው ደጋ ውሃ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ዋቤ ሸበሌ ሞልቶ ቀላፎና ሙስታሂል አካባቢ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ደግሞ በዋነኛነት በኢትዮጵያ ደጋ የጣለ ዝናብ በለድወይንን አጥለቅልቆ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ አፈናቅሏል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሸሸው በራሱ ሰማይ ላይ ካልነበረ ደመና ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ደቻቱ የሚሰጠው ሰዓታት ብቻ ነው፤ ዋቤ ሸበሌ ግን ቀናት ይሰጣል። ረጅም ወንዝ ነው፤ ሜዳው ላይ እየተዘረጋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ባሌ ላይ ዝናቡን ያየ ሰው ጎዴ መደወል ይችላል፤ ጎዴ የወንዙን ከፍታ የለካ ሰው በለድወይን መደወል ይችላል። የስልክ ጥሪ ከማንኛውም ጎርፍ ይፈጥናል። በእነዚያ ቀናት ከብት ይሻገራል፣ እህል ይወጣል፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይሸሻል። በሶማሊያ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የወንዙን ከፍታ እየተከታተለ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ነገር ግን የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ፣ ትርፍ ውሃ ለማጠራቀም ጆውሃር ላይ የተሠራው ቦዩና ማጠራቀሚያው አብሮ ወድሟል። መንግሥት ሲፈርስ ከሕንፃውና ከባንዲራው ጋር የውሃው በርም ይፈርሳል።

አባይ፦ ባሕር የደረሰውና የቀረው

አባይ ግንዱን ይዞ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄድ የነበረ ወንዝ ነው። የክረምቱ ሙላት በካርቱም አልፎ፣ ከአትባራ (ከተከዜ) ጋር ተደባልቆ፣ በመጸው ግብፅ ደርሶ የወንዙን አፍ በደለል ይሞላ ነበር። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ያ ሙላት ባሕር አይደርስም። አፈራችን ግድቡ ጀርባ ይቀራል፤ ደለል ያልደረሰው የሮዜታና የደሚየታ ዳርቻ በባሕር እየተበላ ነው፤ ከሙላቱ ጋር በሚመጣ ምግብ ይረባ የነበረው የሰርዲን ዓሣም በ1960ዎቹ ክፉኛ ተመናምኗል።

ካርቱም ግን ከሙላቱ አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሱዳን በመቶ ዓመት ውስጥ ያልታየ ከፍታ አይታ ለ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲነሣ ግብፅ ኢትዮጵያን ወነጀለች፤ ኢትዮጵያም ውንጀላውን አልተቀበለችም። መግለጫ በመግለጫ ተመለሰ። እኛ ግድቡ የአገራችን ኩራት ነው ከሚሉት ወገን ነን። ሆኖም የኩራቱ ባለቤት የኃላፊነቱም ባለቤት ነው። በየዕለቱ ምን ያህል ውሃ እንደገባ፣ ምን ያህል እንደተለቀቀ በግልጽ ቢነገር ለሱዳኑ ገበሬ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ለእኛም ከሳሽን አፍ የሚያሲዝ መልስ ይሆናል። ቁጥር የደበቀ ሰው ንጹሕ ቢሆንም መታማቱ አይቀርም።

ምን እንጠይቅ?

በውጭ የምንኖር ሰዎች ጎርፍ ሲደርስ ገንዘብ ማዋጣትን ለምደናል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሬሳ በኋላ የሚላክ ብርድ ልብስ ከሞት በፊት የሚደወል ስልክን አይተካም። ስለዚህ ማንም ሥልጣን ላይ ይቀመጥ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ቆቃም ሆነ ጊቤ፣ ሕዳሴም ሆነ ሌላ፣ ግድብ በሩን ከመክፈቱ በፊት በወንዙ ታች ላለው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዳሰነችኛ ይነገር። የአዲስ አበባ የአማርኛ ዜና ኦሞራቴ ላለችው እናት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የወንዞቹ ከፍታ የአገር ምስጢር አይሁን። ለሕዝቡም ለጎረቤት አገርም በየዕለቱ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ የውሃ መንገድ ላይ መሬት የሚመራ ባለሥልጣን ይጠየቅ። ውሃ መንገዱን አይረሳም። ሃያ ዓመት ቢደርቅም አንድ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው ካርታውን የፈረመውን ሹም ሳይሆን ካርታውን አምኖ የተኛውን ቤተሰብ ነው።

ደመናውን ማዘዝ አንችልም። ጎርፉ የት እንደሚያድር ግን እናውቃለን፤ እዚያ ለሚያድሩት ሰዎች አስቀድሞ መንገር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለሕዝብ ሕይወት ዋጋ መስጠትን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።