«ስካር»፣ «መመረዝ» እና «ጥገኝነት»፦ በአረጋጊ መድኃኒቶች ረገድ የስያሜ አመራረጥ

የሕክምና መዝገብ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ፣ አንድ ቃል ያለቦታው መግባቱ የበሽተኛውን ታሪክ ሊለውጥ ይችላል። ክሎርዲያዜፖክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዲያዜፓምም በ1963 ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች በዓለም ዙሪያ ተስፋፍተዋል፤ ለሚያስከትሉት ሁኔታ የምንሰጠው ስያሜ ግን ገና አልረጋም።

አስቀድመን የመድኃኒቶቹን መጠሪያ እንመልከት። «ማስታገሻ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሕመም ማስታገሻን ነው፤ «ማደንዘዣ» ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የተያዘ ቃል ነው። ስለዚህ ጭንቀትን ለሚያበርደው «አረጋጊ»፣ እንቅልፍን ለሚያመጣው «አስተኚ» ማለትን እንመርጣለን።

ከዚህ የሚከብደው የሁኔታው ስያሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም፣ ከመድኃኒቱ የተነሣ የሚታየውን የአእምሮና የጠባይ መታወክ በኤፍ 13.0፣ በቤንዞዲያዜፒን መመረዝን ግን በቲ 42.4 ለያይቶ ይመዘግባል። ሁለቱንም «መመረዝ» ብሎ መተርጐም ይህን ልዩነት ያጠፋል፤ ከዚህም በላይ አንባቢው ራስን የማጥፋት ሙከራን ወይም የሌላ ሰው ተንኮልን እንዲጠረጥር ያደርጋል። ለመጀመሪያው «ስካር» እንላለን። ቃሉ የመጠጥ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ሕዝቡ «በሥልጣን ሰከረ»፣ «በደስታ ሰከረ» ማለቱ መልስ ይሆናል። ምልክቶቹም ከመጠጥ ስካር ጋር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም የአንደበት መተሳሰር፣ መንገዳገድ፣ የዓይን ያለፈቃድ መወዛወዝ፣ የትኩረትና የትውስታ መድከም፣ ሲብስም ራስን መሳት ነው። ስለዚህም ከመጠጥ እንዲለይ የመድኃኒቱ ስም ይጨመርበት፤ «የዲያዜፓም ስካር» እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው «ጥገኝነት» ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው፣ ከመጠን ሳያልፍ አካሉ ሊለምደው ይችላል። ይህን ሰው «ሱሰኛ» ብሎ መመዝገብ ነቀፌታ ነው፤ «አካላዊ ጥገኝነት» ማለት ግን ሁኔታውን ያለፍርድ ይገልጻል። ቃሉን መዝለልም አደጋ አለው። የመድኃኒቱን ኃይል የሚሽረው ፍሉማዜኒል አካሉ ለለመደው ሰው ቢሰጥ፣ ልክ እንደ ድንገተኛ ማቋረጥ ሁሉ፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። ሐኪሙ የሚጠነቀቀው በመዝገቡ ላይ ያነበበውን ይዞ ነው።

በመጨረሻም ለግሦች እንጠንቀቅ። የሽንት ምርመራ መድኃኒቱ በአካል ውስጥ መገኘቱን ያመለክታል እንጂ ሰውየው መስከሩን አያስረዳም። ስለዚህ «በሽንቱ ተገኘ» የሚለውን «ሰክሮ ተገኘ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ሐኪሙ ያልሰጠውን ብያኔ ሰጠ ማለት ነው። ስካሩን የሚያስረዱት የታዩት ምልክቶች፣ የተወሰደው መጠንና ሰዓቱ፣ አብሮ የተጠጣ አልኮል መኖር አለመኖሩም ናቸው፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቃል ሊጻፉ ይገባል።