ማን ቀደመ? የረመዷን ምሽት ጥያቄና መልስ በሴንሰር

ከተራዊህ በኋላ የሚደረግ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ደስ የሚለው እስከ መጀመሪያው ጭቅጭቅ ነው። «ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ወላሂ እኔ ነኝ» ብሎ ይምላል። በጾም ወር፣ ለጨዋታ ሲባል መሐላ!

የዘንገና አካባቢ ወጣቶች ይህን የሚዳኝ መሣሪያ ራሳቸው ሊሠሩ ይችላሉ። አርዱዊኖ የተባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር ለተማሪዎች ተብላ የተሠራች ናት። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሴንሰርና አንድ አምፖል ይያያዝባታል። ትእዛዟ አጭር ነው፦ እጁ ቀድሞ የታየውን ቡድን አምፖል አብሪ፣ ዳኛው እስኪፈቅድ የሌሎቹን አትቀበይ። ሁሉንም ሴንሰሮች ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ታዳርሳለች። የሰው እጅ ግን ለመንቀሳቀስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ የምታዳላበት ክፍተት የለም ማለት ይቻላል።

ሴንሰሩን መምረጥ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በንክኪ የሚሠራውን ውሃ ያታልለዋል፤ ውዱእ አድርጎ እጁን ያላደረቀ ልጅ ሳያስበው ሊያስጮኸው ይችላል። ኢንፍራሬድ የሚባለው ዓይን የማያየው ብርሃን ልኮ ከእጅ ላይ ሲመለስለት ያውቃል። ፀሐይ ብታውከውም ለምሽት ጨዋታ ይስማማል። በባትሪ ከሠራ ደግሞ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አል ጀዘሪ የተባለው ሙስሊም መሐንዲስ በ1206 እ.ኤ.አ. በጨረሰው የአረብኛ መጽሐፉ፣ በውሃ ኃይል የሚጫወቱ አሻንጉሊት ሙዚቀኞችን የያዘች የግብዣ ጀልባ አሠራር ገልጿል። ግብዣው የመጠጥ ነበርና እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው፤ ጥበቡ ግን እንደ ዘንገና ባለ ሐይቅ ላይ ቢንሳፈፍ ያምር ነበር።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የውድድር ሽልማትን በግመል፣ በፈረስና በቀስት እንደወሰኑት በሐዲስ ተዘግቧል። ፈረስ ወዳዱ የአዊ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የሐነፊ መዝሀብ ዑለሞች የዕውቀት ውድድርንም ጨምረዋል፤ ኢብኑል ቀይምም «አል ፉሩሲያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን ደግፈዋል። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ስለዚህ ነጋዴ ወይም ወላጅ መጽሐፍ ቢሸልም መልካም ነው። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አሥር አሥር ብር አዋጥተው «አሸናፊው ይውሰድ» ካሉ ግን፣ መሣሪያው በትክክል ቢፈርድም ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ በሱረቱል ማኢዳህ ተከልክሏል። ቦርዷንና ሴንሰሮቹን ለመግዛት ማዋጣት ግን ይቻላል፣ መሣሪያው የጋራ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ።