ከከንቲባነት በኋላ፤ የሚስተር አንድሩ ያንግ የስፖርትና የቴሌቪዥን ሥራ

አንድ ከንቲባ ሥልጣኑን ሲለቅ የቢሮውን ቁልፍና ማኅተም ለተተኪው ያስረክባል። በሹመቱ ዘመን ያፈራውን ስምና ወዳጅ ግን ይዞት ይሄዳል። ይህ ስም በኋላ በንግድ ዓለም ምን ዋጋ እንደሚያወጣ፣ ትርፉና ጉዳቱስ ለማን እንደሚደርስ ለመመርመር የአትላንታውን ከንቲባ የሚስተር አንድሩ ያንግን ታሪክ መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ያንግ በ1932 በኒው ኦርሊንስ ተወለዱ። በሙያቸው የፕሮቴስታንት ሰባኪ ሲሆኑ፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋራ ለጥቁሮች መብት ከታገሉ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎም እስከ 1979 በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር ሆኑ። ከ1982 እስከ 1990 አትላንታን በከንቲባነት አስተዳደሩ። በ1990 የጆርጂያ ገዥ ለመሆን ቢወዳደሩም በገዛ ፓርቲያቸው ምርጫ ተሸነፉ። ለሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር።

ነገር ግን ገና ከንቲባ ሳሉ፣ በ1987፣ ቢሊ ፔይን የተባሉ ጠበቃ የ1996ቱን ኦሊምፒክ ወደ አትላንታ ለማምጣት ተነሥተው ነበር። ዘመኑ የአዲሱ ኦሊምፒክ መቶኛ ዓመት ስለ ነበረ አቴንስ ጨዋታው የኔ ነው ትል ነበር። ፔይን ትጋት እንጂ በውጭ አገር የታወቀ ስም አልነበራቸውም። ሚስተር ያንግ ግን ከአምባሳደርነታቸው ዘመን ጀምሮ በአፍሪካ የታወቁ ናቸው፤ ይህንንም ስም ለከተማቸው አዋሉት። በ1990 በቶኪዮ በተሰጠው የመጨረሻ ድምፅ አትላንታ 51፣ አቴንስ 35 አገኙ። ሚስተር ያንግም የአዘጋጁ ኮሚቴ ተባባሪ ሊቀ መንበር ሆኑ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኮሚቴው የማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ሳይሆን ራሱን የቻለ የግል ድርጅት መሆኑ ነው። ወደ 1.7 ቢልዮን ዶላር የደረሰውን ወጪ በአመዛኙ የሸፈነው ከቴሌቪዥን መብት፣ ከኩባንያዎች ማስታወቂያና ከመግቢያ ትኬት ነው። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ ለአሜሪካ ስርጭት ብቻ 456 ሚልዮን ዶላር ከፍሏል። ስፖርቱና የዜና ማሰራጫው አንድ ገበያ ሆነው ነበር ማለት ነው። (እኛ ኢትዮጵያውያን ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ባገኙት ወርቅ ነው፤ የሒሳቡ መዝገብ ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል።)

ከጨዋታው በኋላ ሚስተር ያንግ የአሜሪካን ኩባንያዎች ከአፍሪካ መንግሥታት ጋራ የሚያገናኝ የአማካሪነት ድርጅት መሩ፤ በራሳቸው ስም የሚጠራ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ዝግጅትም አቀረቡ። ስም ግን የሚሰበር ዕቃ ነው፤ በ2006 ለዋል ማርት መደብሮች ሲሟገቱ ስለ አይሁድ፣ ስለ ኮሪያና ስለ ዓረብ ባለሱቆች በተናገሩት ቃል ምክንያት ይቅርታ ጠይቀው ያንን ሥራ ለቀዋል።

ታዲያ ትርፉ ለማን ደረሰ? በዚህ ነጥብ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ አልተቋጨም። ከፊሎቻችን ከተማይቱ ስታዲዮም፣ መናፈሻና ዝና አግኝታለች እንላለን። ሌሎቻችን ግን ቴክዉድ የተባለውን ሰፈር እናነሣለን። በ1936 የተከፈተው ይህ ሰፈር የአሜሪካ መንግሥት ለዝቅተኛ ኑሮ ሰዎች ካሠራቸው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ለኦሊምፒኩ ዝግጅት በሚደረግበት ጊዜ ፈረሰ። በቦታው አዲስ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከቀድሞዎቹ ተከራዮች ተመልሰው የገቡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።