ቤት የምትጎትት መኪና

ጋሪ ላይ ብዙ ሰው ከኋላ በኩል ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሁለቱ ዘንጎች ሽቅብ ይነሳሉ፤ ጠፍሩ የፈረሱን ሆድ ወደ ላይ ይስበዋል፤ እግሩም መሬት አልይዝ ይለዋል። ጋሪ ነጂው «ኧረ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። ሁሉም ወደ ፊት ሲጠጋ ደግሞ ሸክሙ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ዛሬ የምንጽፈው በአውሮፓ አገሮች ቤተሰብ ለእረፍት ሲወጣ በመኪናው ስለሚጎትተው ካራቫን ነው። ነገሩ ግን ከጋሪው ብዙም አይለይም።

ካራቫን ማለት ጎማ ያለው፣ ሞተር የሌለው ትንሽ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ዕቃ አለው። ጥንት የሚጎተተው በፈረስ ነበር። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 እንዲህ ያለውን ቤት በሁለት ፈረስ እያስጎተተ በብሪታንያ ተጉዟል። በጀርመን ደግሞ አሪስት ዴትሌፍስ እ.ኤ.አ. በ1931 በመኪና የሚጎተት ቤት ሠራ። ለሥራ ሲዞር ሠዓሊ ከነበረችው ከፍሪደል ጋር ላለመለያየት ብሎ ነው። የቤተሰቡ ፋብሪካ የሚያመርተው ጅራፍ ነበር፤ ጅራፍ ሠሪ ፈረስ የማያስፈልገው ቤት መሥራቱ ትንሽ ያስቃል።

ታዲያ የትኛው መኪና ይመረጥ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ጉልበት አላት ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ትይዘዋለች ወይ?» ተብሎ ነው። መጎተትማ ትጎትታለች። ችግሩ የሚመጣው ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ ነፋስ ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ካራቫኑ ከመኪናዋ ከከበደ ነጂው እሱ መሆኑ ይቀራል።

በብሪታንያ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር የተጫነው ካራቫን ክብደት ከባዶዋ መኪና ክብደት ከመቶ 85 እጁን እንዳያልፍ ነው። እናስላው። መኪናዋ 1,400 ኪሎ ብትሆን 1,400 በ85 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 1,190 ኪሎ ይሆናል። ባዶው ካራቫን 1,000 ኪሎ ቢሆን ለዕቃ የሚተርፈው 190 ብቻ ነው። 40 ሊትር ውሃ ብቻውን 40 ኪሎ ነው! የጋዝ ሲሊንደር፣ ብስክሌት፣ ወንበር፣ ምግብ ሲጨመር ሳይታወቅ ይሞላል። ከዚህም ሌላ የመኪናዋ ሠሪ የፈቀደው የመጎተት ወሰን በመጽሐፏ ላይ ተጽፏል። ከሁለቱ ቁጥሮች የሚያንሰው ነው የሚያዘው። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጭራሽ መጎተት አይፈቀድለትም፤ የተፈቀደለትም ቢሆን በአንድ ሙሊት የሚሄደው መንገድ በጣም ያጥራል።

አሁን ወደ ጋሪው ዘንግ እንመለስ። የካራቫኑ የፊት ጫፍ በመኪናዋ ኋላ ባለ የብረት ኳስ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ቢሆን ይመረጣል። 1,100 ኪሎ ለሚመዝን ካራቫን ከ55 እስከ 77 ኪሎ መሆኑ ነው። የመኪናዋ ወሰን 75 ቢሆን ግን 77 አይፈቀድም። ለመለካት የሰው ሚዛን ከጫፉ ሥር አድርጎ በእንጨት መደገፍ ይበቃል። ከባድ ዕቃ በጎማዎቹ አካባቢ፣ ወለል ላይ ይቀመጣል እንጂ ከኋላ አይከመርም። ከኋላ ከተከመረ ካራቫኑ ጅራቱን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ውዝዋዜው ይብሳል፤ በመጨረሻ መኪናዋንም ይዞ ይገለብጣል። አንዳንዱ ነጂ ፈጥኖ በመሳብ ሊያቀናው ይሞክራል። ይህ ሞትን መጥራት ነው። እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት፣ መሪውንም ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በጀርመን ልዩ ፈቃድ የሌለው ተሳቢ ጎታች ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ግዴታ ነው። መኪናዋ ስትቀንስ ካራቫኑ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያው ግፊት የራሱን ፍሬን ያስይዘዋል። ቢሆንም ከኦስትሪያ ወደ ኢጣሊያ በብሬነር፣ 1,370 ሜትር ላይ አልፎ የሚወርድ ሰው ፍሬን ብቻ ቢረግጥ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይላል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ መቀየር ነው። ዳገቱም ቢሆን ቱርቦ የሌለውን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንስበታል።

በጉዞ ላይ ካራቫኑ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ልጆች ቢለምኑም። በጀርመን በሕግ የተከለከለ ነው። ስፖኪዮው ካራቫኑን አልፎ እንዲያሳይ ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካራቫኑ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ባዶ ሜዳ ይፈልግ፤ አንድ ሰውም ወርዶ፣ ነጂው በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ በጎን ቆሞ ያሳየው።